የወይኖ እንቅልፍና የእንድሪስ ቢላ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው ሁሉ «ሥራዎ ምን ነበር?» ይለኛል። «በግ ማስተኛት» እላለሁ። ይስቃሉ። ባለፈው ወልድያ መናኸሪያ በር ላይ አንድ ባጃጅ ነጂ ሳቁ አልቆም ብሎት መሪውን ሊለቅ ደረሰ። «በግ ራሱ አይተኛም እንዴ ጋሼ?» አለኝ። «ይተኛል፤ ሲነቃ ግን እንዳንተ አይደለም፤ የምሩን ይነቃል» ብዬው ወረድኩ። የቀረውን መንገድ በእግሬ ሄድኩ። ደግ አደረግኩ።

ሰው እንዲወደኝ ብዬ አልጽፍም። ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ መርሳ የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ ነው፤ ስለዚህ ቃል ማሳመር አልችልበትም፤ ብችልበትም አላደርገውም። የምጽፈው ያየሁት ነገር ሲታወሰኝ ዛሬም ከመቀመጫዬ ስለሚያስነሳኝ ነው። በኤሌክትሪክ እንቅልፍ ሲጠልቅ፣ በዚያው ኤሌክትሪክ እንቅልፍ ሲባረር አይቻለሁ። ከበግ ራስ ላይ ሽቦውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ይሄ ነገር በሳቅ የሚታለፍ አይደለም።

ሥራ የጀመርኩት መርሳ የከብት ክሊኒክ በዘበኝነት ነው። ዘበኛ ተብዬ ተቀጠርኩ እንጂ የምጠብቀው በር አልነበረም፤ ቀኑን ሙሉ ቀንድ ስይዝ ነው የምውለው። የመጀመሪያው አለቃዬ በሬ የሚፈራ የከብት ሐኪም ነበር። አጥሩ ማዶ ቆሞ «ተገኘ፣ አፉን ክፈትና ምን ይታይሃል?» ይለኛል። «ምላስ» እላለሁ። «ሌላስ?» «ጥርስ።» «በቃ፣ ደህና ነው» ይልና ይሄዳል። ከዚያ ግራና ላኩኝ። እዚያ የነበረው አለቃ ደግሞ ስብሰባ እንጂ ከብት አይወድም፤ ታመው የመጡ ላሞች እሱ ከስብሰባ እስኪመለስ ይድናሉ ወይ ይሞታሉ። ግራና ግን ሰው አተረፍኩ። የሀብሩ ገበሬ ሁሉ ያውቀኛል። አባወራው እንድሪስና ጎረቤቱ ደመቀ ከእነዚያ መካከል ነበሩ። እንድሪስ እስላም ነው፣ ደመቀ ክርስቲያን፤ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ በሬ አላቸው፤ ሁለቱን በሬዎች በአንድ ቀንበር አቀናጅተው የሁለቱንም ማሳ ያርሳሉ። ሲሰዳደቡ የሰማ ጠላቶች ይመስሉታል።

ደሞዙን አላወራም። የሚወራ አልነበረም።

በኋላ ወደ ወልድያ ተዛወርኩ። እዚያ በከብት ላይ ጥናት የሚደረግበት ትንሽ ቤት ነበር፤ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ከኋላው የበግ ጉረኖ። እኔ የበጎቹ ጠባቂ ሆንኩ። መጋቢ፣ ጠራጊ፣ ያዥ፣ ሁሉንም ነኝ። ዶክተር ይመር የሚባል የእንስሳት ሐኪም አንድ ቀን በነጠላ የተጠቀለለ ሳጥን ታቅፎ መጣ። ሕፃን የታቀፈ መስሎኝ መንገድ ለቀቅኩለት። ሲፈታው ማዞሪያ ያለው፣ ሁለት ሽቦ ከሆዱ የወጣ፣ የድሮ ሬዲዮ የሚመስል ነገር ነው።

«ምንድን ነው ይሄ ዶክተር?»

«ተገኘ፣ ይሄ እንቅልፍ ነው» አለኝ። እብድ መጣብን አልኩ በሆዴ።

የዚህን ሰው ጠባይ ሳልነግራችሁ ወደ ሥራው አልገባም። በግ ከመንካቱ በፊት ጫማውን ያወልቃል። ጉረኖ ውስጥ ይገባና ገለባ ላይ ቁጭ ይላል፤ በጉ ማመስኳት እስኪጀምር ድረስ ዝም ብሎ ይጠብቃል። የሚያመሰኳ በግ ያልፈራ በግ ነው፤ የፈራ እንስሳ ላይ መርፌ አይወጋም። ከዚያ የሽቦውን ሁለት መቆንጠጫ መጀመሪያ በራሱ ጆሮዎች ላይ ያደርጋል። ሁልጊዜ። ሳጥኑን ይከፍታል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ትንሽ ቆይቶ «ደህና ነው፣ እንደ ጉንዳን ነው» ይላል፤ ያኔ ነው ወደ በጉ የሚሄደው። ከሁሉ የሚገርመው ግን በጉን አንቱ ነው የሚለው። «እንደምን አደሩ? ትንሽ ይታገሡን፤ አይዞዎት፣ አሁን ይተኛሉ።»

አንድ ቀን ንዴቴ መጣ። «ዶክተር፣ እኔን አንተ፣ በጉን አንቱ? ሽበቴ አይታይዎትም?»

«አንተ መሄድ ስትፈልግ ትሄዳለህ» አለኝ። «እሳቸው ታስረው ነው ያሉት።» የበጉን ገመድ ላላ አደረግኩለት።

ጥናቱ ይሄ ነው። ለከብት ማስተኛ የሚሰጥ መድኃኒት አለ። በጥቂቱ ከተሰጠ እንስሳው ራሱን ደፋ ያደርጋል እንጂ አይተኛም፤ በብዛት ከተሰጠ ይተኛል፣ ግን ትንፋሹ ይደክማል፣ አረፋ ይደፍቃል። ዶክተር ይመር የጠየቀው «ጥቂቱን መድኃኒት ሰጥተን፣ ከራሱ ላይ ደግሞ ጉንዳን የምታክል ኤሌክትሪክ ብናሳልፍ አንጎሉ ምን ይላል?» የሚል ነው። ይሄው ነው ጥያቄው። ስሰማው ቀሎኝ ነበር።

የእኔ ድርሻ ጨርቅ ነበር። ጸጉርና ቆዳ ደረቅ ከሆነ ኤሌክትሪኩ አይገባም፤ ስለዚህ በቀንዱ ሥርና በጆሮው ኋላ ያለውን ጸጉር እላጫለሁ፣ ጨርቅ በጨው ውኃ እነክራለሁ፣ መቆንጠጫውን በጨርቁ ላይ አሥራለሁ። ጨርቁ ሲደርቅ አረጥበዋለሁ። እጄ ዛሬም ያንን ጨርቅ ያስታውሳል።

የመጀመሪያውን ቀን ልንገራችሁ! ነጮ የምንለው ሙክት ነበረን፣ ተዋጊ፣ ጉልበቴን ሁለቴ የወጋ ባለጌ። ጥቂት መድኃኒት ተወጋ። ራሱን ደፋ አደረገ፣ ዓይኑ ግን እኔን እያየ ነው፤ አሁንም ሊወጋኝ ያስባል። ዶክተር ማዞሪያውን ወደ ቀስታው አዞረ፤ ኤሌክትሪኩ ቀስ እያለ ምት በምት ይሄዳል፣ እንደ ተኛ ሰው ትንፋሽ። ነጮ ዓይኑን ከደነ። ጉልበቱ ታጠፈ። ጆሮውን ብቆነጥጠው የለም፤ የዓይኑን ሽፋሽፍት ብነካው የለም። በዚያች ጠብታ መድኃኒት! እኔ «ሞተ» አልኩ። ዶክተር ጣቱን ከአፉ ላይ አድርጎ ዝም አሰኘኝና ማዞሪያውን ወደ ፈጣኑ ወሰደው። ምቱ እንደ ዝናብ ተንጣጣ። ነጮ ጆሮውን አራገፈ። ቀና አለ። ተነሣ። ተነሥቶ ምን አደረገ? ወደ እኔ መጥቶ ጉልበቴን ወጋኝ!

እየጮህኩ ከጉረኖው ወጣሁ፤ ሕመም አልነበረም ያስጮኸኝ። ከውስጥ መድኃኒቱ አልወጣም፣ አልተጨመረም፣ እዚያው ደሙ ውስጥ ነው ያለው። አንዱ ምት ያንኑ መድኃኒት ከባድ አደረገው፣ ሌላው ምት አቀለለው። «ለምን?» ብዬ ያዝኩት ዶክተርን። ሳቀና «እንጃ ተገኘ! ይሄ እንጃ ነው የሚያስደስተው» አለኝ። ስንት የተማረ ሰው አውቃለሁ፣ እንጃ ማለት ጥርሱን የሚያስነቅለው የሚመስለው። ይሄኛው እንጃን እንደ ማር ይልሰዋል።

ሁሉም በግ እንደ ነጮ አልሆነም። አንዳንዱ በፈጣኑ ምት ጆሮውን ብቻ አራግፎ መልሶ ይተኛል። ሙሽራ የምትባለዋ ግን ከልቤ አትወጣም። ጥቁር፣ ግንባሯ ነጭ፣ ከእጄ ካልሆነ የማትበላ በግ ነበረች። ያን ቀን እንቅልፉ በደንብ ያዛት። አጋደምናት። እንዴት አጋደምናት? ሁላችንም በምናውቀው መንገድ፣ በግራ ጎኗ፣ አንገቷን ወደ ኋላ ቀልሰን። ዶክተሩም እዚሁ አገር ያደገ ነው፤ እሱም አላየውም። የዚህ አገር እጅ በግ መጣል የሚያውቀው ለቢላ ነው። ለመተኛት እንዴት እንደሚጣል ማንም አላስተማረንም። የሚያመሰኳ እንስሳ ደግሞ በጎኑ ተጋድሞ ሲቆይ ግሳቱ መውጫ ያጣል፤ ሆዱ እንደ ከበሮ ይነፋል፤ ሳንባውን ይጨቁነዋል። ማዞሪያው ወደ ፈጣኑ ሲሄድ ጊዜው አልፎ ነበር። አረፋ ደፈቀች። ዶክተር ይመር ራሷን ጭኑ ላይ አድርጎ «ይቅር ይበሉን» አላት። እኔ ወደ አጥሩ ሄጄ ፊቴን አዞርኩ።

ከዚያ በኋላ ሥርዓቱ ተለወጠ። እንስሳው በደረቱ ይተኛል፤ እግሮቹ ታጥፈው፣ እንደሚያመሰኳ፤ ግራና ቀኙን ገለባ የሞላ ማዳበሪያ ይደገፋል፤ አፍንጫው ወደ ታች ዘንበል። አንድም በግ ከዚያ ወዲያ አልሞተብንም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ።

ስለ ጦርነቱ የሚጽፉ ሞልተዋል። እኔ የማውቀው ጉረኖዬን ነው። ከተማው ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ሰው ወደ መርሳ፣ ከመርሳ ወደ ደሴ ጎረፈ፤ እኔ በጎች ትቼ የት እሄዳለሁ ብዬ ቀረሁ። በጎቹን በሉብኝ። ማን በላቸው? የራበው ሁሉ። ነጮን ሲወስዱት ከኋላ «እሱ ትናንት መድኃኒት ተወግቷል!» ብዬ ጮህኩ፤ ውሸት ነበር፤ አላመኑኝም። ማቀዝቀዣው ሄደ፣ ጠረጴዛው ሄደ፣ በሩ ራሱ ሄደ። ሳጥኑን ግን የተበላሸ ሬዲዮ መስሏቸው ግቢው ውስጥ ጥለውት ነው የሄዱት። አንስቼ ገለባ ውስጥ ከተትኩት። ከማስተኛው መድኃኒትም አንድ ጠርሙስ፣ ግማሹ የሄደ፣ በኪሴ ይዤ ነበር የሰነበትኩት። ለምን እንደያዝኩት አላውቅም። ነጮን ቢመልሱልኝ ብዬ ይሆናል።

ከተማው ተመልሶ ዶክተር ይመር ከስደት ሲመጣ ከስቶ፣ ጢሙ አድጎ፣ በሌለው በር ገባ። ጉረኖውን አየ። ገለባው ላይ ቁጭ አለ። ሳጥኑን ከገለባ አውጥቼ ሳሳየው ግን እንደ ልጅ አቀፈኝ። «መብራት እንኳ የለም እኮ ዶክተር» አልኩት። መብራት ከሄደ ቆይቷል። «በባትሪም ይሠራል» አለ። «በግ ግን የለንም።»

በግ ባይኖርም በሬ መጣ። መምጣት አይደለም፤ እንድሪስ ነው የመጣው፤ ከግራና ሥር ካለው ቀበሌው መኪና አጥቶ በእግሩ። አቧራ ለብሷል። ሰላምታው ረዘመ፤ ቤቱን፣ ልጆቹን፣ ማን ሞተ፣ ማን ተረፈ። ከዚያ «ወይኖ ተመታ» አለ።

ወይኖ በሬው ነው፤ ቀይ ወይን ጠጅ የመሰለ። የከባድ መሣሪያ ፍንጣሪ ከሻኛው ፊት፣ ልክ ቀንበር በሚያርፍበት ቦታ ገብቷል። ቁስሉ ላይ ላዩን ሽሮ ውስጡ ይመግላል። ቀንበር ሲነካው ይወድቃል። የዘር ወቅት ደርሷል፤ ዘር ከየትም ከየትም ለምነው አግኝተዋል።

«የደመቀ በሬስ?» አልኩ።

«የደመቀ በሬ ምን ያደርጋል ብቻውን? ይጨፍር?» አለ እንድሪስ። «ወይኖ ካላረሰ ሁለት ቤት ነው የሚራበው። ካልዳነልኝ ሳይሞት አርደዋለሁ። ልጆቼ ከርመዋል ሥጋ ካዩ፤ እሱም ቢሆን እህል ነው።»

ዶክተር ይመር ጢሙን እያፍተለተለ ዘረዘረው። ቁስሉን ብቻ የሚያደነዝዝ መድኃኒት የለንም። ፍንጣሪው ከትልቅ የደም ሥር አጠገብ ነው፤ በሬው አንዴ ቢወራጭ ቢላው ደም ሥሩን ይቆርጣል። በጠርሙሱ ውስጥ ያለው መድኃኒት በሬ አያስተኛም። በሳጥኑ ካልሆነ። «በበሬ ላይ ግን ሞክሬው አላውቅም» አለ። ያን ሲል ዓይኑ ወደ ባዶው ጉረኖ ሄደ። ሙሽራን እያየ እንደሆነ ገባኝ።

«እንሂድ» አልኩ። ከአለቃ ቀድሜ «እንሂድ» ስል ያ የመጀመሪያዬ ነው።

መርሳ ላይ ሀብታሙ የሚባል ባጃጅ ነጂ አለ፣ የማውቀው። ቤንዚን ስለጠፋ ባጃጁ ዛፍ ሥር ቆሞ ዶሮ ይፈለፈልበታል። ባትሪውን ለመንነው። «ባትሪዬን ለበሬ ራስ?» አለ። «እኔም እመጣለሁ! ይሄንን ሳላይ አልሞትም።» ባትሪውን ተሸክሞ ተከተለን። እስከ ግራና ያለው መንገድ ከሳቁ በቀር አልከበደኝም።

ደጃፉ ላይ ወይኖ ቆሟል። የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል። ደመቀ ከሌሎች ጎረቤቶች ጋር ገመድ ይዞ ይጠብቃል። ዶክተር ጫማውን አወለቀ፣ በሬው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሰዎቹ ተያዩ። ሀብታሙ «ጸሎት ነው?» አለኝ። «ዝም በል፣ በሬው እስኪያመሰኳ ነው» አልኩት። አመሰኳ። ዶክተሩ መቆንጠጫውን በራሱ ጆሮ ሲያደርግ ደግሞ እንድሪስ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«አንቱ ዶክተር፣ ይሄ ነገር ሲህር አይደለም?»

«አስማት አይደለም። ይሞክሩት» ብሎ የእንድሪስን ጆሮ በመቆንጠጫው ያዘለት።

«ወላሂ ጉንዳን አለበት!» ብሎ ዘለለ እንድሪስ።

ደመቀ ከዚያ ማዶ «ተኛህ እንዴ? ራስህ ባዶ ስለሆነ የሚይዘው አጥቶ ነው!» አለ። ሁሉም ሳቀ። ከዚያ ሁሉ መከራ በኋላ የሳቅ ድምፅ ሰማሁ።

ጭቅጭቁ የመጣው በማጋደሙ ላይ ነው። እንድሪስ ቢላውን ከወገቡ አውጥቶ በእጁ ያዘ። «ፊቱ ወደ ቂብላ ይሁን። ነፍሱ ልትወጣ ስትል ቢስሚላህ ብዬ አርደዋለሁ። በክት ከሆነ ለእኔም ለልጆቼም አይሆንም።» ዶክተር የተወጋ ሥጋ ለጊዜው እንደማይበላ ነገረው። «እሱን ሲርበኝ አስብበታለሁ» አለ። «በክት ግን አልበላም፣ ቢርበኝም።»

ደመቀ ገባበት። «ስማኝ እንድሪስ፤ አንተ ካረድከው እኔ አልበላው፣ እኔ ካረድኩት አንተ አትበላው። ስለዚህ በሬው ቢኖርልን አይሻልም?»

በደረቱ ይተኛ፣ ፊቱ ወደ ቂብላ ይሁን ተብሎ ተስማማን። ማዳበሪያዎቹን ገለባ ሞላን። ጸጉሩን ላጨሁ። ጨርቁን በጨው ውኃ ነከርኩ። መድኃኒቱ ተወጋ፣ ጠርሙሱ ባዶ ሆነ። ዶክተር «ይተኙ፣ አይዞዎት» አለውና ማዞሪያውን ወደ ቀስታው አዞረ።

ወይኖ እየተንገዳገደ በጉልበቱ ወረደ። ደረቱ መሬት ነካ። አገጩ ወደቀ። የፊት እግሮቹን በደመቀ ገመድ አሰርን። ሽፋሽፍቱን ነካሁ፤ የለም! በዚያች ትንሽ መድኃኒት ያን የሚያህል በሬ! ሀብታሙ «ባትሪዬ ነው! ባትሪዬ ነው!» እያለ ይዞራል። ዶክተር የራሱን ቢላ አነሣ፤ ቁስሉን ከፈተ፤ መግሉ ወጣ፤ ጣቱን አስገባ። «አገኘሁት» አለ።

ያን ጊዜ ነው ወይኖ የተንሸራተተው። የከሳ በሬ ነው፤ በደህና በግ ያየነው እንቅልፍ እሱን ጨርሶ አሰጠመው። ከማዳበሪያው ላይ በግራ ጎኑ ጥምልል አለ። ሰዎቹ ሊረዱ ዘለው ያዙት። እንዴት ያዙት? እጃቸው እንደሚያውቀው። ሁለቱ እግሩን ጫኑ፣ ደመቀ ቀንዱን ይዞ አንገቱን ወደ ኋላ ቀለሰው፣ ጉሮሮው ተከፈተ። ዶክተሩ እጁ ቁስሉ ውስጥ ነው፣ ዓይኑም እዚያው ነው። እኔ ግራ ሆዱን አየሁ። እየተነሣ ነው። እንደ ሊጥ። እንደ ሙሽራ።

«ልቀቁት! በደረቱ! በደረቱ አድርጉት!» ብዬ ጮህኩ። ማን ይሰማኛል። ምላሱ ወጥቶ ጠቁሯል። እንድሪስ በጉልበቱ ወርዶ ቢላውን ጉሮሮው ላይ አድርጓል።

«ጋሽ እንድሪስ፣ አንድ ትንፋሽ ይስጡኝ!» አለ ዶክተር።

«ትንፋሹ የታለ!» አለ እንድሪስ። እንባው ይወርዳል። «ሄደ እኮ! ሄደብኝ!»

ዶክተር በክርኑ ማዞሪያውን ወደ ፈጣኑ ገፋው። የለም። ምንም የለም። ወይኖ ድንጋይ ነው። «ጨርቁ!» አለኝ። የግራና ፀሐይ አድርቆታል። ጆጉን አንሥቼ የጨው ውኃውን በሙሉ ራሱ ላይ ደፋሁት፣ መቆንጠጫውን በጣቶቼ ጫንኩት፣ ጉንዳኑ እኔንም በላኝ። «አሁን ግፉት! በደረቱ!» ሀብታሙ ገፋ፣ ደመቀ ነቃና ቀንዱን ለቆ ገፋ። አልበቃም። የእንድሪስ ትከሻ ነው የጎደለው። እሱ ደግሞ ቢላ ይዟል።

ሰውዬው የበሬውን ጉሮሮ አየ፤ እኛን አየ። ቢገፋው፣ እየገፋው ቢሞት፣ በክት ነው፤ ሥጋም ማረሻም የለም። ሁሉም ነገር እጁ ላይ ነበር።

ቢላውን በጥርሱ ነከሰና በትከሻው ገፋ።

ወይኖ በደረቱ ተገለበጠ። አንዲት አፍታ ምንም። ከዚያ ጆሮው! ግራ ጆሮው ዝንብ እንደሚያባርር ተርገፈገፈ። ቀጥሎ ከዚያ ሁሉ ሆድ ውስጥ ግሳት ወጣ፣ ረጅም፣ የሚገማ፣ ነጎድጓድ የመሰለ ግሳት፤ ደመቀን ፊቱ ላይ መታው። ደመቀ በቂጡ ተቀመጠ። «አገሳ! አገሳ!» እያልኩ የማላውቀውን ሰው አንገት አቅፌ እዘላለሁ። እንድሪስ ቢላውን ነክሶ አልሃምዱሊላህ ለማለት ይታገላል፤ የሚወጣው «ምምም» ነው።

ዶክተር አልዘለለም። ማዞሪያውን በቀስታውና በፈጣኑ መካከል አቆመው፤ በሬው ተኝቶም እየተነፈሰ፣ እየተነፈሰም ተኝቶ። ጣቱን መልሶ አስገባ። አንድ ጥቁር ቅርፊት ብረት አወጣና በእንድሪስ መዳፍ ላይ አኖረው። ቁስሉን ሰፋ። ከዚያ ፈጣኑ። ወይኖ ዓይኑን ገለጠ፣ ሁላችንንም አየን፣ ሊነሣ ሲል ገመዱ ያዘው።

እንድሪስ ቢላውን ከጥርሱ አወጣ። ጎንበስ ብሎ የእግሩን ገመድ በዚያው ቢላ ቆረጠው። «ተነሥ» አለው። ተነሣ።

ደመቀ «ገመዱ የእኔ ነው!» ብሎ ጮኸ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልጨርስ። ዶክተር ይመር ውጤቱን የሚያሳይበት በግ ስላልቀረለት፣ የአንድ በሬ ወሬ ጥናት አይባልም ተባለ። እውነት ነው አይባልም። ግን የተናገሩት ሰዎች ያን ግሳት አልሰሙትም። እሱ ወደ ሌላ አገር ተዛወረ፤ ሳጥኑን በነጠላ ጠቅልሎ ታቅፎ ሲሄድ መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት። እኔን ጡረታ አወጡኝ። የጉረኖውን ቁልፍ አስረክብ አሉኝ፤ በር የሌለውን ጉረኖ። አስረከብኩ።

ዝናቡ ሲያባራ ግራና ሄድኩ። ከመንገዱ ዳር ቆሜ አየኋቸው። ቀንበሩ ከወይኖ ሻኛ ፊት አርፏል፤ ጠባሳው ላይ እንድሪስ የበግ ቆዳ ደርቦለታል። ደመቀ ከኋላ ይሰድባል። ወይኖ ከትልሙ ጫፍ ደርሶ ቆመ፤ መዞር አልፈለገም። እንድሪስ አለንጋውን አነሣ፣ እኔን አየ፣ አለንጋውን አወረደ።

«ይዙሩ እንጂ ጌታው!» አለው። «እንግዳ መጥቶብዎታል።»

ዞረ።